ከማን ነው የጠበቃችሁን?

ኦዴት ሚሾ ፀጉር ስትቆርጥ መቀሷም ምላሷም አብረው ይሠሩ ነበር። የትኛው ይበልጥ ስለታም እንደሆነ የሴንት ኦሬል ሴቶች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ፀጉር ቤቷ ከወረቀት ፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ዳር ነው፤ ከወንዙ ማዶ ካናዳ ነው። በዚያች ከተማ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተፋታ፣ የማን ልጅ ከማን መኪና ውስጥ እንደታየ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነበር።

ከባንክ ጋር ተጣልታ አታውቅም። እንዲያውም ሌላው ሰው ሲያማርር ብትሰማ አታዝንም ነበር። «ገንዘቡን ሳያውቅ የሚመነዝር ሰው ቢቀጣ ምን ያስደንቃል? የኔ እናት ዘጠኝ ልጅ በአንድ የፋብሪካ ደሞዝ አሳድጋ አንድም ቀን አልተቀጣችም» ትላለች። የከተማው ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ባንክ በሚባል ባንክ ሳይሆን በሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። አባቶቻቸው በፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ የጀመሩት ነው፤ እያንዳንዱ አባል ባለቤት ነው፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው።

የአደን ወቅት ገብቶ ወንዶቹ ሁሉ ጫካ በሚውሉበት በኅዳር፣ ኦዴት የአንዲት ሙሽራንና የሚዜዎቿን ፀጉር ሠርታ የሙሽራዋ እናት ዳጎስ ያለ ቼክ ሰጠቻት። ቼኩን ማኅበሩ አስገባችና እፎይ ብላ ወደ ሱቅ ሄደች። ቤንዚን ቀዳች፤ ዳቦና ወተት ገዛች፤ ጉንፋን ይዟት ነበርና የሳል ሽሮፕም ገዛች። ቼኩ ግን ገና አልተጣራም፤ ገንዘቡ ሂሳቧ ውስጥ አልገባም ነበር። በዚሁ መሀል የመኪናዋ ኢንሹራንስ ከሂሳቧ ተቆረጠ። የማኅበሩ ኮምፒዩተር ደግሞ ትልቁን ወጪ አስቀድሞ፣ ትንንሹን አስከትሎ ነው የሚመዘግበው። ኢንሹራንሱ ሂሳቧን ባዶ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚኑም፣ ዳቦና ወተቱም፣ ሽሮፑም እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሁለት ዶላር አስቀጧት።

በማግስቱ ስልኳን ከፍታ ሂሳቧን ስታይ መጀመሪያ ሌባ የገባባት መሰላት። ከዚያ ሌባው ማን እንደሆነ አነበበች። የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ማኅበሩ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ከርት ዳይግል የአጎቷ ልጅ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ፀጉሩን የቆረጠችለት እሷ ናት፤ ያኔ እያለቀሰ ነበር።

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ» አላት።

«አልቀመጥም። ተቀምጬ መጮህ አልችልበትም። ይህን ሁሉ ቅጣት ማነው የጣለብኝ?»

«ቅጣት አይደለም እኮ። የአገልግሎት ክፍያ ነው። የሂሳብ ጥበቃ ይባላል።»

«ምን ይባላል?»

«ጥበቃ። ሂሳብሽ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሲያልቅ ካርድሽ ሰው ፊት እንዳይመለስብሽ እኛ እንሸፍንልሻለን። ለአንቺው ጥቅም ነው።»

«ከማን ነው የጠበቃችሁኝ? ከወተቱ?»

ካሸሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይነቃነቅ ነበር። ከርት ጆሮው ቀላ። «ካርድሽ ሲታደስ ተጠይቀሽ ተስማምተሻል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥበቃ ትፈልጊያለሽ ወይ ስትባዪ አዎ ብለሻል።»

«ጥበቃ ትፈልጊያለሽ ተብሎ አልፈልግም የሚል ፍጡር አለ? ዳቦ በገዛሽ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ዶላር እንውሰድብሽ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሴን እዚያው ታገኙት ነበር!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ከርት አስተዋይ ልጅ ነው፤ ነገሩ ገበያ ሳይወጣ የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ጫን ጫን አድርጎ የተወሰደባትን ሁሉ መለሰላት። ኦዴት እንደ ድል አድራጊ ደረቷን ነፍታ ወጣች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም ታሪኩን ለአራት ሴቶች ተረከችው። በየትረካው የከርት ጆሮ የባሰ እየቀላ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ታሚ ኔዶ መጣች። ታሚ በአረጋውያን መጦሪያው ነው የምትሠራው፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። የምትቆረጠው ዓይኗን የጋረዳትን የግንባር ፀጉር ብቻ ነው፤ ሌላውን ራሷ ቤቷ ትቆርጠዋለች። ኦዴት ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው። ጨርሳ ስትስቅ ታሚ አልሳቀችም።

«ለኔ አልመለሱልኝም» አለች በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

«ጮኸሽባቸዋል?»

«እኔ እንዳንቺ መጮህ አልችልም፣ ኦዴት። የመኪናዬ ብድር እነሱ ጋር ነው። አንዴ ለምኜያቸው አንዱን መለሱልኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ለአንዴ ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲያው ይህን ጥበቃ የምትሉትን አጥፉልኝ ብላቸው ካሸሯ ልጅ ኋላ ይቆጭሻል፣ ከልጆችሽ ጋር ሱቅ ቆመሽ ካርድሽ ቢመለስስ አለችኝ። ፈራሁና ተውኩት።»

«እና ቢመለስስ?»

«ቢመለስማ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። የለሽም መባል እኮ በነጻ ነው። አለሽ ብለው አሳልፈውኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ በየዕቃው ሲቆርጡብኝ ነው ልጆቼ የሚጎዱት።»

የኦዴት መቀስ አየር ላይ ቀረ። ስለዚች ልጅና ስለመሰሎቿ ስንት ዓመት ያን የእናቷን የዘጠኝ ልጅ ተረት ስታወራ እንደኖረች ትዝ አላት፤ ታሚም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰምታዋለች።  የዚያን ቀን ከታሚ ገንዘብ አልተቀበለችም፤ ታሚም ተቆጥታ ገንዘቡን መስታወቱ ስር ጥላው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ኦዴት ከማውራት ይልቅ መጠየቅ ጀመረች። ሴቶቹ የፀጉር ማድረቂያው ሲጮህ ጠብቀው በጆሮዋ ይነግሯታል። የትምህርት ቤቷ ነርስ። የአናጢው ሚስት። እንዲያውም በየዓመቱ ፍሎሪዳ የምትከርመው ወይዘሮ። ለጮኸ ይመለስለታል፤ ዝም ያለ ይከፍላል። ለጮኸችው ለእሷ የተመለሰላት ዝም ካሉት ኪስ መሆኑ ሲገባት በድሏ አፈረች።

«ለመሆኑ ማኅበሩ የማነው?» ብላ ብቻዋን ጮኸች። ወንበሩ ላይ የነበረችው ሴት ደነገጠች። ኦዴት ግን መልሱን አግኝታዋለች፤ ለቦርድ አባልነት ልትወዳደር ቆረጠች። ለመወዳደር የአባላት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ አላስቸገራትም። ግማሽ ፀጉሯ የተቆረጠ ሴት አልፈርምም አትልም።

ወሬው የቦርዱ ሰብሳቢ ኖርማን ቴርዮ ጆሮ ደረሰ። ኖርማን የፋብሪካው የቀድሞ ፎርማን ነው፤ ሌላው ሰው የሚለካበት ቀጥ ያለ ሰው። የማኅበሩን ሳንቲም ለራሱ ነክቶ አያውቅም፤ በክረምት የማኅበሩን ደጃፍ በረዶ ራሱ በአካፋ ይጠርጋል። አንድ ጠዋት ኮፍያውን አውልቆ ፀጉር ቤቷ ገባና ቀለም በተቀቡት ሴቶች መሀል ቆመ።

«ኦዴት፣ ምን አደረግንሽ? በፋብሪካው የሥራ ማቆም አድማ ክረምት አባትሽን ያኖረው ማኅበሩ አይደለም?»

«ነው። ዱቄት በዱቤ ሲያስወስዱት ትዝ ይለኛል። ግን ኖርማን፣ ያኔ ቅጣት ያስከፍሉት ነበር?»

«ያኔ ካርድ አልነበረም።»

«ስለ ካርዱ አልጠየቅኩህም።»

ኖርማን ኮፍያውን በእጁ አዞረው። «እሺ፣ እንዳልሽው ይቅር እንበል። የምታንቀሳቅሺው ሂሳብ በነጻ ነው። ካሸሮቹ ደሞዝ አላቸው። ለየአባሉ ለገና በዓል የአሳማ ጭን እንሰጣለን። ይህ ሁሉ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል? ክፍያው ከቀረ በምን ይተካል? ደግሞ ሰው በሱቅ ወረፋ ፊት ከሚዋረድ ቢከፍል አይሻለውም?»

ኦዴት መቀሷን አነሣች። ጥያቄው የሐቀኛ ሰው ጥያቄ መሆኑን ታውቃለች። ኖርማን ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ፤ እሷም የያዘችውን ፀጉር ከሚገባው በላይ አሳጠረችው።

ጠቅላላ ጉባኤው በጥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ነበር። እንደ ልማዱ ቦሎቄው በትልልቅ ድስት ቀርቧል፤ የፕሎይ ቂጣ በቅቤ ተቀብቶ ተቆልሏል። የኖርማን ሚስት ዣኒን ሽርጧን ታጥቃ፣ ጭልፋዋን ይዛ ከወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቦሎቄ ትጨልፋለች። እንደዚያ ቀን ሰው ሞልቶ አያውቅም። አንዳንዱ ለቦሎቄው መጣ፤ አብዛኛው ግን ኦዴት ምን እንደምትል ሊሰማ።

ኦዴት ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። ድምፅ ማጉያውን ገፋችው፤ አላስፈለጋትም።

«እኔ ባንክ አልተማርኩም» አለች። «ግን ጥበቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚጠብቅህ ሰው መጀመሪያ ይነግርሃል፤ ኋላ አይቆርጥብህም። አንድ ሊትር ወተት አሳልፎልኝ የአሥር ሊትር ዋጋ የሚወስድብኝ ጠባቂ ከሆነ፣ ተኩላውም እረኛ ነው ማለት ነው።»

ከኋላ ወንበሮች ሳቅና ጭብጨባ ተነሣ። ኖርማን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና በረጋ ድምፅ ተናገረ።

«ኦዴት አፏ መልካም ነው፤ ሁላችንም እናውቃታለን። እኔ ግን ከአባላቱ ልስማ። በዚህ ጥበቃ የተጠቀመ አለ?»

ሉስዬን ሲር ብድግ አለ። ግንድ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲነሣለት ወንበሩ የእፎይታ ድምፅ አሰማ። «እኔ አለሁ» አለ። «አምና በዚያ በረዶ ላይ ነዳጅ ጨርሼ፣ ኪሴም ሂሳቤም ባዶ ነበር። ማደያው ጋ ካርዴ ሠራልኝ። ባይሠራልኝ ኖሮ ጫካ ውስጥ ደርቄ ነበር የምገኘው። ሠላሳ ሁለት ዶላር ለነፍሴ አይበዛም።»

ተጨበጨበለት። ኦዴትም አጨበጨበች፤ እውነቱን ነውና። ኖርማን ልቡ ሞላ። «መልካም» አለ። «አሁን ደግሞ በዚህ ነገር ተጎዳሁ የሚል ካለ ይነሣ።»

 ሰው ሁሉ ሳህኑን ማየት ጀመረ። መነሣት ማለት እኮ ገንዘብ የለኝም ብሎ በጎረቤት ፊት ማወጅ ነው። ኦዴት ዙሪያዋን አየች። ነርሷ እዚያ ናት። የአናጢው ሚስት ባሏ አጠገብ የዳቦ ፍርፋሪ ትለቅማለች። የፍሎሪዳዋ ወይዘሮ ቦርሳዋን ትጎረጉራለች። ታሚ ዓይኗን ጨፍናለች። ስም ብትጠራ ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ሃያውን ትጠራ ነበር፤ ጉባኤውም ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ምላሷ ጥርሷ ድረስ መጣ።

ዋጠችው። ወንበሯ ላይ የተነገራት የሷ አልነበረም። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ዝምታ የለም።

«ማንም የለም?» አለ ኖርማን።

በዚህ ጊዜ ከወጥ ቤቱ መስኮት ጭልፋ ድስት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እኔ አለሁ» አለች ዣኒን። «ድሮም ቆሜ ስለነበር መነሣቴ ሳይታወቅልኝ ቀርቶ ይሆናል።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ኖርማን የሰማውን ያላመነ መሰለ።

«ዣኒን፣ ምን ሆነሻል?»

«ተጎዳሁ የሚል ይነሣ አልክ አይደል?» እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ አዳራሹ ወጣች። «የልጅ ልጃችን ሆስፒታል የተኛች ጊዜ አንተ እግርህን ታመህ ብቻዬን ባንጎር ከተማ እመላለስ አልነበር? ከዚያችው ብርድ ልብስ ሰፍቼ ከማጠራቅማት ሂሳቤ ነበር የማወጣው። የመኪና ማቆሚያ፣ ቡና፣ ሳንድዊች። አለኝ ብዬ ነው። ሰባት ጊዜ ቆረጣችሁብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? የሰብሳቢው ሚስት ገንዘቧን ጨርሳ በሰብሳቢው ተቀጣች ልበልህ? ለቄሱም አልተናዘዝኩት።» ቄሱ ከፊት ወንበር ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ፤ እዚህም እዚያም ሳቅ ፈነዳ። ዣኒን ግን አልሳቀችም። «ኖርማን፣ ውርደት ውርደት ትላለህ። ካርዴ ቢመለስ ቡናውን እተወው ነበር፤ አለቀ። እኔን ያዋረደኝ የማኅበሩ ደብዳቤ ነው። አንተ ሳታየው ከፖስታ ሳጥኑ ላወጣው በዚህ ዕድሜዬ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ እሮጥ ነበር።»

 ከዚያ ታሚ ኔዶ ተነሣች።  ነርሷ ተነሣች። የአናጢው ሚስት ባሏን አየችውና ተነሣች፤ ባሏም አያትና፣ አፍሮ እየሳቀ፣ እሱም ተነሣ፤ ለካ ሁለቱም ተደባብቀው ኖረዋል። የወንበሮች መንጓጓት አዳራሹን ሞላው። ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የመጡት ጎልማሶች በአንድ ረድፍ ሙሉ ተነሡ። የፍሎሪዳዋ ወይዘሮ ቦርሳዋን ዘጋችና ቀጥ ብላ ቆመች።

ሉስዬን ሲር መሀል ላይ ግራ ገብቶት ይቁለጨለጫል። «እኔ አንዴ ተነሥቼ ስለነበር...» አለ ራሱን እያከከ፤ «አሁንም ልነሣ? ነዳጁን አልክድም። ግን ያ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ለሲጋራ ነው ስትቀጡኝ የከረማችሁት። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ለነዳጁ አዎ፣ ለሲጋራው ደግሞ ተወው ሉስዬን እል ነበር።»

«ተነሣ እንግዲህ!» ብሎ አዳራሹ ጮኸበት፤ ተነሣ።

ኖርማን የቆመውን ሕዝብ አየ። ግማሹን በፋብሪካው ውስጥ ሥራ ያስተማረው እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ «ድምፅ ይሰጥ» አለ። ወረቀቱ ሲቆጠር ኦዴት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በላይ ድምፅ አግኝታ ለዘመናት ከቦርዱ ያልተነቃነቀውን የአንድ ጥርስ ሐኪም ወንበር ወሰደች። ውጤቱን ያነበበው ራሱ ኖርማን ነው፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

«የቦርዱ ስብሰባ ማክሰኞ ነው፣ ኦዴት» አላት። «እንዳትዘገዪ።»

«ብዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ፤ ከርት ዳይግል ሳይቀር፣ ጆሮው እንደቀላ፣ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ኖርማን መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ፤ በኋላ ግን ትከሻው ከዳው። ዣኒንን ሲያያት ሳቁን አቋረጠና ከመድረኩ ወርዶ አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

ማክሰኞ ዕለት ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ኖርማን የጠየቃት ጥያቄ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ኦዴትም በሐቀኝነት ያለ ገንዘብ የሚሆን ነገር እንደሌለ አመነች። መጨረሻ ላይ የተወሰነው ይህ ነው፤ ሂሳቡ ባዶ የሆነ ካርድ ያለ ምንም ክፍያ ይመለሳል። እንደ ሉስዬን ሽፋን የሚፈልግ ሰው ዋጋው በግልጽ ተነግሮት በራሱ አፍ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ከሳንድዊች አይበልጥም። የጎደለውን ለመሙላት ሁሉም አባል በወር ሁለት ዶላር ይከፍላል፤ የገናው የአሳማ ጭን ደግሞ ይቀራል። እጅ ይውጣ ሲባል መጀመሪያ የወጣው የኖርማን እጅ ነበር።

ስለ ሁለቱ ዶላርና ስለ አሳማው ያጉረመረመው ሰው ብዛቱ! በኦዴት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልተነጫነጨ የለም። የቄሱ እህት ሳይቀሩ «ድሮ ሁሉም ነጻ ነበር» ብለው አኮረፏት።

«ነጻ አልነበረም፣ እማማ» አለቻቸው ኦዴት ፀጉራቸውን እየጠቀለለች። «ታሚ ነበረች የምትከፍልልዎ። አሁን ሁላችንም እኩል እንነጫነጭ።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና፣ ኋላውን ትንሽ አሳጥሪው አሏት።

በረዶው ሲቀልጥ ከወንዙ በታች ካለችው ከተማ አንድ ጥሪ መጣ፤ የዚያም ማኅበር አባላት ጉባኤ ሊጠሩ ነውና ኦዴትና ዣኒን መጥተው እንዲያናግሯቸው ለመኗቸው። ኦዴት በቅዳሜ ቀን ፀጉር ቤቷን ዘግታ አታውቅም፤ ያን ቅዳሜ ዘጋችው። መኪናውን የነዳችው ዣኒን ናት። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ከሚፈቀደው በላይ እየፈጠነች፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ ማንም ባልሰማው ድምፅ ትዘፍን ነበር፤ ኦዴትም ለአንዴ የምትናገርበት ፋታ አጥታ እያጨበጨበች ተከተለቻት።